ባዶ ነው ያለን ስክሪን

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃ ቲዮንግ፣ የመጋዝ ቤቱ ጓደኞቼ፤

ይህን ድግስ አሰናድታችሁ በክብር ስለሸኛችሁኝ እጅ እነሣለሁ። አለቃ ቲዮንግ ሰው ሳይጎዳ መጋዝ ሲያስቆሙ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለዚህም ተጨማሪ ምስጋና ይድረሳቸው። ይሳቁ እንጂ አለቃ! ከነገ ጀምሮ እኮ ደመወዜን መቁረጥ አይችሉም።

ደግ ደጉን ብቻ ተናገሪ ብላችሁኛል። እኔ ግን ስለ ላያንግ እጅ ሳልናገር ከዚህ ከሲቡ ከተማ አልሄድም። አዲስ የገባችሁት፣ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንና መጋዙ ሲቆም ስትራገሙ እሰማለሁ። ለምን እንደሚጠቁር ማን ነገራችሁ?

የትልቁ መጋዝ ምላጭ ተበጥሶ ሰው ከገደለ በኋላ፣ መጋዙን የሚያንቀሳቅሰውን ሽማግሌ ኡንጋንግን መስታወት ቤት ውስጥ አስገባነው። ከዚያ ሆኖ ግንዱን የሚያየው በካሜራ ነበር። ካሜራዎቹን በዩኤስቢ ገመድ መዳፍ ከምታክል ኮምፒውተር፣ ከሊኑክስ ቦርድ ጋር አያያዝናቸው። ሦስቱ ደህና ሠሩ። አራተኛውን ስንጨምር ግን አልበራ አለ። ቦርዷም «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ትጽፋለች።

«ቦታ ከሌላት ትልቅ ሚሞሪ ግዙላት!» አሉ አለቃ። ተገዛላት። እሷ ያንኑ ደገመች። «መጋዙ ይቁምልኝና ልመርምረው» አልኩ። «እንጨቱን የሚጭነው ጀልባ ወንዙ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ሱላን!» ተባልኩ፤ አራተኛው ካሜራ እንደተሰካ ሥራው ቀጠለ።

በዚያው ቀን ላያንግ የተቀረቀረ ቅርፊት ሊያወጣ፣ ግንዱን ወደ መጋዙ የሚያደርሰው ማመላለሻ ላይ ወጣ። ኡንጋንግ ስክሪኑን አየ፤ ማመላለሻው ባዶ ነው። መዘውሩን ገፋ።

የላያንግን ጩኸት ከመጋዙ ጩኸት መለየት አልቻልንም። መጋዙ ቆሞ ጩኸቱ ሲቀጥል ነው ያወቅነው። ደሙ ከእንጨት ብናኙ ጋር እንደ ጭቃ ተቦክቷል። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ የለም። ቀበቶዬን ፈትቼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት። «እህት ሱላን፣ ጣቶቼን በላኝ፣ እከኪልኝ» አለኝ። ጣቶቹ ግን ከጀርባዬ ወድቀው ነበር።

እሱን ሆስፒታል ሲወስዱት እኔ ቦርዷ ላይ ተተከልኩ። ከውጭ ስታይዋት አራት ቀዳዳ አላት። ውስጥ ግን አራቱም የሚገቡት ወደ አንድ ጠባብ መስመር ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ሲነሳ ከመስመሩ ላይ ድርሻውን ይይዛል፤ ምስሉን ሳይጨምቅ ስለሚልክም ድርሻው ሰፊ ነው። ሦስቱ ከያዙ ለአራተኛው አይተርፍም። ቦታ የለም ያለችው ስለ መስመሩ ነበር! መጋዙ ሲያርገፈግፍ የማመላለሻው ካሜራ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ተራ ሲጠብቅ የነበረው አራተኛው ቦታውን ይነጥቀዋል። ስክሪኑ ደግሞ የመጨረሻውን ምስል እንደያዘ ይቀራል።

በማግስቱ ጠዋት የላያንግ ወንድም ኡጋክ ገጀራ ይዞ መጣ። መስታወቱን በአንድ ምት አረገፈው።

«ውጣ አንተ ሽማግሌ! የወንድሜን እጅ በልተህ ተቀምጠሃል?»

«ባዶ ነበር፣ ልጄ! በአባቴ አጽም፣ ባዶ ነበር!»

«ባዶውስ ዓይንህ ነው!»

የኡንጋንግን ፀጉር ጨምድዶ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። መሀል ገባሁ። በክርኑ አፌን ሲለኝ ጥርሴ ረገፈ። ደሜን እየተፋሁ «ግደለው! ግን መጀመሪያ ይህን እይ፤ ካየህ በኋላ ማንም አይይዝህም» አልኩት።

እኔ ራሴ ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ቢገድለውስ?

የመጋዙን ኤሌክትሪክ አስቆረጥኩ። መጋዙ እንደሚያርገፈግፈው ሁሉ፣ የማመላለሻውን ካሜራ ምሰሶ በእርግጫ መታሁት። ከዚያ «ትናንት እዚህ የቀረውን የላያንግን ሸሚዝ ወስደህ ማመላለሻው ላይ አስቀምጥ» አልኩት። በደም የደረቀውን ሸሚዝ ራሱ አንጥፎ ተመለሰ። ስክሪኑን አየ። ማመላለሻው ባዶ ነው። በተሰበረው መስታወት አሻግሮ አየ። ሸሚዙ እዚያው አለ። እንደገና ስክሪኑን አየ።

«ይሄ ነገር ... ይዋሻል?»

«ትናንትም እንዲህ ዋሸው።»

ገጀራውን አነሳ። ኡንጋንግ ዓይኑን ጨፈነ። ኡጋክ ስክሪኑን ለሁለት ሰነጠቀው፤ ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ ክንዱ እስኪዝል። በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ኡንጋንግ ግንባሩ እየደማ አጠገቡ ተቀመጠ።

ኡንጋንግ ዳግም መዘውር አልነካም። ለእርቅ አሳማ እየነዳ ወደ እነላያንግ ቤት ሄደ፤ አሳማውንም ያረደው ኡጋክ ነው። እኔ ካሜራዎቹን በሁለት ቦርዶች ከፈልኳቸው፣ ምስሉም ተጨምቆ እንዲላክ አደረግሁ። አዲስ ምስል ካልደረሰ ደግሞ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ መጋዙም ይቆማል። አለቃ «ሥራ ያጓትታል» ብለው ነበር። ሆስፒታል ሄደው ላያንግን ካዩ በኋላ ግን «ይቁም» አሉ።

ላያንግ ይኸው፣ በግራ እጁ የሩዝ ጠጁን ከሁላችንም ፈጥኖ እየጨረሰ ነው። ጠጣ ወንድሜ፣ ዛሬ አልቆጣህም!

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጉልበታችሁ አይዛል፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። አለቃ፣ ገበያዎ ይድራ፣ ልብዎም ይራራ። ስክሪኑ ሲጠቁር የሚታገሥ አንጀት ይስጣችሁ። ጠዋት ይዛችሁት የመጣችሁትን ገላ፣ ማታ ሙሉውን ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ።