የጋሼ ራሴ ጣራ

ከግብር ቢሮው ደረጃ ስወርድ ጎረቤቴን ጋሼ ራሴን አገኘኋቸው። ስሙን ያወጣንላቸው የሰፈር ሰዎች ነን፤ የትኛውም ሥራ ሲነሳ «ራሴ እችለዋለሁ» ስለሚሉ። አንድ ጊዜ የግቢያቸውን መብራት ራሳቸው ዘርግተው፣ የበሩን እጀታ የነካ ሁሉ ሲነዝረው ከርሟል።

ያን ቀን ፊታቸው ጠቁሯል። ከጓሮ ለሚያከራዩዋቸው ሦስት ክፍሎች የመጣባቸው ግብር ከአምናው ብሷል። ስለዚህ ከተከራዮቻቸው አንዷ በሆነችው ልብስ ሰፊ ላይ ኪራይ ሊጨምሩ መሆኑን፣ ጠዋትም እንደነገሯት አጫወቱኝ። እኔ ደግሞ ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች በመርፌ የምታሳድግ ናት፤ ደንበኞቿም ያሉት እዚሁ ሰፈር ነው። ትንሽ ቢጨመርባት ሌላ ከተማ ካለች እህቷ ዘንድ ከመጠጋት በቀር መውጫ የላትም።

የሂሳብ ባለሙያ ቢያማክሩ ይሻላል አልኳቸው። ደረጃው መሀል ቀጥ አሉ።

«ቤቱን የሠራሁ እኔ፣ ኪራዩን የምቀበል እኔ። ደግሞ ከፍዬ የጓዳዬን ጉድ ለባዳ ላሳይ?»

መደመርና መቀነስ ማንም እንደማያቅተው፣ የሚከብደው ደንቡን ማወቅ እንደሆነ እስከ ሰፈራችን ድረስ አስረዳሁ። ግድግዳ ባስረዳ ይሻለኝ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእሳቸው ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ለቢሮው ምን ብለው እንዳሳወቁ ጠየቅኳቸው። ሦስቱም ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ ተከራይተዋል፣ ጥገና የሚባል ነገር አልነበረም ብለዋል።

«ጋሼ፣ የጥጓ ክፍል ክረምቱን ሁሉ ባዶዋን አልነበረችም እንዴ?»

«ነበረች።»

«ታዲያ ለምን ተከራይታለች አሉ?»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ተከራይ የሸሸው ቤት አለኝ ልበል? ጣራዬ ያፈሳል ብዬ በመንግሥት መዝገብ ላስጽፍ?»

ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ። የማያውቃቸው ጸሐፊ እንዳይንቃቸው ብለው፣ ላልበሉት ኪራይ ግብር የሚከፍሉ ሰው!

«ይቅርታዎን ጋሼ፣ የኩራትዎን ዋጋ የምትከፍለው ልብስ ሰፊዋ ናት» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ በማለቱ አፈርኩ እንጂ በነገሩስ አልተጸጸትኩም።

እንዲህ እያልን ግቢያቸው ደረስን። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሯ ላይ አስቀምጣለች። እጅ ነሥታ፣ ገመድ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ገመድ ለምን ፈለግሽ?»

«መኪናዬን ላስርበት ነው ጋሼ። እህቴ ጋ ልገባ ነው። እስከዛሬ ላኖሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና ወደ እኔ ሳያዩ «ያልከው ባለሙያ ቢሮው የት ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ እንደ ሐኪም ረጋ ብላ ትጠይቃለች። ባዶ የከረመ ክፍል እንዳለና ጥገና ተደርጎ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ኮርኒሱን አዩ፣ እኔን አዩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልላቸው ስል ቀደሙኝ።

«ያፈሳል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጣራው ያፈሳል፣ ልጄ።»

እሷ አልሳቀችም፣ አልገረማትምም። ባዶ ለከረመ ክፍል ግብር እንደማይጠየቅ፣ ደረሰኝ ያለው የጥገና ወጪ ከኪራዩ ገቢ ላይ እንደሚቀነስ፣ የዘንድሮውንም ማስተካከል እንደሚቻል አስረዳቻቸው። ራሳቸው ያለ ደረሰኝ ገዝተው የለጠፉት ቆርቆሮ ግን አይቆጠርም ስትላቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው፤ ኮታቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

ግብሩ ተስተካከለ። ለባለሙያዋ የከፈሉት፣ በከንቱ ሊከፍሉት ከነበረው ብዙ ያንሳል። ልብስ ሰፊዋም በዱሮው ኪራይ ቀረች። አንዲት ክፍል ብቻ ያለው፣ ነገሩም ግልጽ የሆነለት ሰው ራሱ ይሥራው፤ አልከራከርም። ክፍሉ በዝቶ፣ ተከራይ እየወጣ እየገባ፣ ጥገናው ሲከተል ግን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ሽንፈት አይደለም። ይህን ለማስረዳት የጨረስኩትን ትንፋሽ ማን ይመልስልኝ?

በሳምንቱ ከጋሼ ራሴ ግቢ የመዶሻ ድምፅ ሰምተን ወጣን። ከአጥሩ ማዶ አንዷ ጎረቤት ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ጣራዬ ያፈሳል፤ ባለሙያ አምጥቼ እያስጠገንኩ ነው» አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መሰላሉን ግን ራሴ ነኝ የያዝኩት» አሉኝ።