ሁለት ቃል የተናገረች ስደተኛ

በ፳፻፱ ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በደባርቅ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በታብሌት ላይ በተሣለ ታሪክ መሰጠት ጀመረ። ታሪኩ ጦርነት ከአገሯ ያፈናቀላት የአንዲት ልጃገረድ ስደት ነው። አንባቢው በየምዕራፉ መጨረሻ ቀጥሎ የሚሆነውን ይመርጣል፤ ሥዕሉም ምርጫውን ተከትሎ ይሄዳል።

የከተማው ቤተ ክርስቲያን መምህር መሪጌታ ቃለ አብ ግን ስለ ምርጫው የነገራቸው አልነበረም። የሚያውቁት የልጅ ልጃቸው ሊድያ የምታወጋቸውን ብቻ ነው። ሰኞ የታሪኩ ልጅ ወንዝ ተሻግራ ዳነች አለቻቸው፤ ረቡዕ ደግሞ ከወንዙ ዳር ተያዘች። ተማሪ አንዲት ቃል ቢስት ከሥር የሚያስጀምሩ ሰው ናቸውና፣ ነገሩ አላማራቸውም። ዳባት የሚኖረው ልጃቸው ያርጋል ሊድያን ወስዶ እዚያው እንዲያስተምራት ቅዳሜ ዕለት ሄደው ተስማሙ። ሲመለሱ፣ ወደ ደባርቅ በሚጫነው ሚኒባስ ውስጥ የሊድያን መምህር እሌኒን አገኟት። መኪናው ገና አልሞላም።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?» አለች እሌኒ ብድግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጪ ልጄ። ካገኘሁሽ አይቀር፣ ያቺን ልጅ ምን እያስተማራችኋት ነው?»

«የስደተኛ ታሪክ ነው፣ የኔታ።»

«ስደቱስ ደግ። እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ ተሰዳለች። የእናንተዋ ግን ሰኞ ዳነች፣ ረቡዕ ተያዘች። ሁለት ቃል የሚናገር ምስክር በየትኛው ሸንጎ ይታመናል?»

እሌኒ ሳቋን እንደ ዋጠች መሪጌታ አስተዋሉ፤ ስለዚህም አከበሯት።

«አላበለችም። ሊድያ ሰኞ አንዱን መንገድ መረጠችላት፣ ረቡዕ ሌላውን። መጽሐፉ አንባቢውን ‹አንተ ብትሆንስ?› ይለዋል። እርስዎስ አንዱን ንባብ ‹አንድም› እያሉ በብዙ መንገድ ይፈቱት የለ?»

«ተይ እንጂ! አንድምታ የሊቃውንት ነው፤ ይህ የልጆች ጨዋታ።»

«አይተው ይፍረዱ፤» ብላ ታብሌቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

በሥዕሉ ላይ ልጅቷ በማታውቀው ከተማ፣ በዝናብ፣ የሰው በር ታንኳኳለች። ከሥሩ ሁለት ምርጫ ተጽፏል፦ በሩን መክፈት፣ ወይም አገሯንና ወገኗን መጠየቅ።

«ይኼማ ምን ያጠያይቃል? እንግዳ አገሩ ሳይታወቅ ይገባል?» ብለው ሁለተኛውን በጣታቸው ነኩ።

ልጅቷ አልመለሰችም። ቀደም ባለው ምዕራፍ የአገራቸውን ስም በመናገሩ ወንድሟ ተይዞባታል። ቀስ ብላ ከበሩ ራቀች። በሚቀጥለው ሥዕል አጥር ሥር ተኮራምታ ዝናቡ ይወርድባታል።

ከኋላ አንገታቸውን አስግገው ያዩ የነበሩት ገበያተኛ፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አላስቻላቸውም። «ውይ የኔታ! ልጂቱን በዝናብ አባረሯት?»

«እኔ መች አባረርሁ? ጠየቅሁ እንጂ!»

«ደጅ አቁሞ መጠየቅ ከማባረር በምን ይሻላል?»

መሪጌታ አጥር ሥር የተኮራመተችውን ልጅ ደግመው አዩ። «አገርዎ ወዴት ነው?» ማለት በእርሳቸው ዘንድ የአክብሮት መጀመሪያ ነበር፤ ለሸሸ ሰው ምርመራ እንደሚሆን ግን አስበውት አያውቁም። ደግ ልማድ ሁሉ ለሁሉ እንግዳ ደግ አይደለም፤ ይህንንም ባለቤቱ የሚያውቀው ከደጅ በኩል ቆሞ ሲያየው ነው።

«መመለስ ይቻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ለእኛ ይቻላል፣ የኔታ። መመለስ የማይቻለው ለእውነተኛው ስደተኛ ነው። ልጆቹም እዚህ ተሳስተው እዚህ ይማሩ ብለን ነው።»

መለሱና በሩን ከፈቱላት። ልጅቷ ገባች፤ ልብሷ ደረቀ፤ እህል ቀመሰች፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት አገሯን ተናገረች።

«ለካ ክፉው ጥያቄው አይደለም፣ ቦታው ነው፤» አሉ መሪጌታ። «ከምድጃው ዳር እንጂ ከደጅ አይጠየቅም።»

«ተማሪዎቹም እንዲህ ነው የሚማሩት፤» አለች እሌኒ። « የመረጡበትን ምክንያት ይጽፋሉ፤ በጽሑፉም ይከራከራሉ። ንባባቸውና አነጋገራቸው ተሻሽሏል፤ የሰውንም መከራ እንደ ራሳቸው ማየት ጀምረዋል። ሊድያ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ አሁን ትሟገታለች።»

«ከማን ጋር?»

«ከእኔም ጋር ቢሆን!»

«እርሱስ ከአያቷ የወረሰችው ነው፤» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፤ መሪጌታም አብረው ሳቁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ፣ መሪጌታ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ያርጋል፤ ሊድያ አትመጣም። እዚያው ደባርቅ ትማራለች።»