ሁለቱ ካርቡሬተሮች

ሃቫና ስትሪት ላይ አውቶቡስ የተሳፈሩ አዛውንት ባልና ሚስት ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«የዚያችን የእንግሊዝ መኪናዬን ካርቡሬተሮች ሪፕሌስ ላደርግ ነው» አሉ ባልየው።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም አውጥቼ አንድ አዲስ አስገባለሁ።»

«እንደ ልጅ ስታባብላቸው አልነበር እንዴ?»

«ለሞተሩ እኩል አየር እንዲስቡ የላስቲክ ቱቦ ጆሮዬ ላይ ደግኜ ድምፃቸውን እያዳመጥኩ ነበር የማስተካክላቸው። አሁን ጆሮዬ እምቢ አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መኪናዋን አትወጃትም ብዬ ነዋ።»

«አልወዳትም። ግን ቅዳሜ ቱቦውን ለእኔ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«አርባ ዓመት ስታንኮራፋ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ሁለት ካርቡሬተር ማዳመጥ ያቅተኛል?»

«ምን አልሽ?»

ሚስትየው ጮክ ብለው ሲደግሙላቸው ሰማሁና፣ ፒዮሪያ ስትሪት እስክወርድ ድረስ የአውቶቡሱን ሞተር ሳዳምጥ ሄድኩ።