ዲስኬት ውስጥ ያልገባው ማሲንቆ

ክቡራትና ክቡራን፣ የድምፅ ቀረጻ ቤታችን ባልደረቦች፣ ሥራችሁን ዘግታችሁ፣ ወንበር ተውሳችሁ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሰብስባችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ማህደር በር ላይ ይዛ «ጋሽ የሱፍ፣ አጠር ያድርጉት» ብላኛለች። የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ለክቼ መቁረጥ አያቅተኝም።

ለምን እንደምሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መያዝ ትቷል። ባለፈው ጥር ማህደር አዲስ የዋሽንት ቅጂ ከፍታ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደኅና ነው» አልኋት፣ «ግን መቼ ነው የሚጀምረው?»

ለካስ ሊያልቅ ደርሷል! ሐር ከናይለን መለየት ያቃተው ሰው ጨርቅ ቤት አይቀመጥም። ይኼም ቤት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር፣ ልጄ ሰብሪና ዘንድ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን በዚህ ቤት ልኩራ። ለመኩራት ደግሞ ትልቁን ስሕተቴን መናገር አለብኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ቀኑም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለ።

የዚህን ቤት የመጀመሪያ ኪቦርድ በ1993 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሳመጣ ከተማችን ወረታ ሳቀብኝ። «የሱፍ ጣቃ መዘርጋት ሰልችቶት ኦርጋን ሊነካ ነው» ተባለ። እስከ ዛሬም አንድ ዜማ አልጫወትም። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ ዕቃ አላስቀምጥም። ማህደር ያኔ በመምህርነት ተመድባ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። እሷን ጠየቅሁ።

«እዚህ ሣጥን ውስጥ ከበሮ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚመታው?»

«ኤሌክትሪኩ ይንቀጠቀጣል። ሲፈጥን ቀጭን፣ ሲዘገይ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። አነሣሡንና አወራረዱን እኛ እንቀርጸዋለን። ሲንተሳይዘር የሚባለው ለዚህ ነው።»

«የእኛን ከበሮ መሥራት ትችያለሽ?»

ዐሥራ ሰባት ቀን ፈጀባት። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ሱቄ ድረስ ተሰማ፤ ባለቤቴ ዘሊካ «የማን ሠርግ ነው?» ብላ ወጣች። ያንን ድምፅ በሃምሳ ሰባተኛው ቁጥር ላይ አስቀመጥነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

በ1995 ዓ.ም. ኪቦርዱን ያኖርንበትን ክፍል ያዋሱን ሰዎች «ለማዳበሪያ መጋዘን እንፈልገዋለን» አሉን። «በባሕር ዳሩ የዘፈን ውድድር ከሦስቱ አንዱ ከሆናችሁ ይቆይላችኋል፤ ካልሆናችሁ ቁልፉን ታስረክባላችሁ።» ሌላ ክፍል አልነበረንም። ዘፋኟ ይታይሽ ከቁሐር ሚካኤል የሩዝ አረም ዘፈን ይዛ መጣች፣ ጋሽ ማረው ማሲንቋቸውን ይዘው መጡ፣ ማህደር ደግሞ አጃቢውን በኪቦርዱ ሠራች። ሁሉም ነገር አንዲት ዲስኬት ላይ ገባ አሉኝ። ሁሉም ነገር!

ግንቦት 23 ቀን ጠዋት ሚኒባሱ በተወዛዋዦች ሞልቷል። ቦታ የለም። ባሕር ዳር ያለው አዳራሽ የራሱ ኪቦርድ አለው፤ የእኛን ለምን እንጫን? እኔ፣ ዕቃ በመጫንና በማውረድ ያረጀሁት ነጋዴ፣ ዲስኬቷን ከኪሴ ከትቼ ጋሽ ማረው ፊት ቆምሁ።

«ጋሽ ማረው፣ እርስዎ አይድከሙ። ዲስኬቱ ውስጥ ነዎት።»

ማሲንቋቸውን አዩ፣ ኪሴን አዩ። «ጠቦኝ ይሆናል» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባሕር ዳር ደርሰን ለሙከራ ዲስኬቷን ከተትን። በከበሮው ፋንታ ጥሩምባ ጮኸ። ፓ! ፓ! ፓ! የአዳራሹ ጥበቃ እየሮጠ ገባና «ማን ሞቶ ነው?» አለ። የጋሽ ማረው ማሲንቆማ ጭራሽ የለም።

ማህደርን «ምን ነካው?» አልኋት።

«ዲስኬቱ ላይ ያለው ሚዲ የሚባለው እኮ ድምፅ አይደለም፣ ጋሽ የሱፍ። ትእዛዝ ነው። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ኃይል እንደተነካ፣ መቼ እንደተለቀቀ ነው የሚጽፈው። ስለ ማሲንቆውም አልጠየቁኝም። ያለ ጋሽ ማረው እንደመጣን ያወቅሁት ከሚኒባሱ ስንወርድ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ለደንበኛ ወረቀት ጽፌ «ከሃምሳ ሰባተኛው መደርደሪያ ሦስት ክንድ ስጠው» ብዬ ወደ ሌላ ሱቅ ብልከው ምን ያገኛል? ጨርቁ ከወረቀቱ ጋር አልሄደም። የዚያ ሱቅ ሃምሳ ሰባተኛ መደርደሪያ ላይ ያለውን ይቀበላል። የእኛ ከበሮ፣ የእነሱ ጥሩምባ ነበር።

ማሲንቆውስ? የሚነካ ቁልፍ የለውም። እሱን ለመያዝ ድምፁን ራሱን በሰከንድ ከአርባ አራት ሺህ ጊዜ በላይ መለካት ያስፈልጋል። የዘፈኑ ትእዛዝ በሙሉ በአንዲት ዲስኬት ላይ ገብቶ ቦታ ተርፎ ነበር። የጋሽ ማረው ማሲንቆ ግን በጥሩ ጥራት ከሆነ ከስምንት ሰከንድ ያህል በላይ አይገባባትም። «ጠቦኝ ይሆናል» ያሉት እውነታቸውን ነበር።

ውድድሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሆኗል። ወደ ሱቄ ደወልሁ። ዘሊካ አነሣች።

«ምነው? ዲስኬቱ አልዘፍን አለ?»

«ጋሽ ማረውን ጥሪልኝ፣ ባክሽ።»

አስጠርታቸው መጡ። «ጋሽ ማረው፣ አጥፍቻለሁ። ይድረሱልን» አልኋቸው።

«ለማን ነው የምታወራው? ለእኔ ነው ወይስ ዲስኬቱ ውስጥ ላለው ሰውዬ?»

«ለእርስዎ ነው።»

«እሱን አውጡትና ይጫወት!»

«ክፍሉ ሊወሰድብን ነው» አልኋቸው። ስልኩ ተዘጋ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አይሱዙ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ጋቢናው በሰው ሞልቶ ነበርና ጋሽ ማረው ሩዝ የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት። ጋቢያቸው ገለባ ለብሷል። ማሲንቋቸውን ግን በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውታል። እኔን አልፈው በቀጥታ ወደ መድረኩ ገቡ።

ማህደር ከአዳራሹ ኪቦርድ ለከበሮ የሚቀርብ ድምፅ አግኝታ ነበር። ማሲንቆው ሲጀምር ግን ከኪቦርዱ ጥቂት ወርዶ ተገኘ።

«ከፍ ቢያደርጉትስ፣ ጋሽ ማረው?» አለች።

«ጭራው መንገድ ላይ ተጎድቷል። ካጠበቅሁት ይበጠሳል። ይኼ ሣጥናችሁ ጎንበስ ማለት አያውቅም?»

ማህደር ሳቀች። «ያውቃል!» አንዲት ቁልፍ ተጫነች፤ ኪቦርዱ ከነድምፁ ወርዶ ከማሲንቆው ጋር ገጠመ። በካሴት ቢሆን ኖሮ ድምፁን ስናወርደው ፍጥነቱም አብሮ ይንቀረፈፍ ነበር። ትእዛዝ ስለሆነ ግን ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። ያ ሁሉ ያሳፈረኝ ሚዲ በዚያች ሰዓት አኮራኝ።

ሁለተኛ ወጣን። ክፍሉ ቀረልን። ይኸው ዐሥር ዓመት፣ ከጣራ ገዳም ሥር እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ዘፋኝ ሁሉ በዚያች በር ገብቷል። ዲስኬቱ ቀርቶ ሃርድ ዲስክ መጥቷል፤ አሁን ማሲንቆ ለሰዓታት ይገባበታል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የተያዙትን ሁለት ደንቦች አደራ። ማንኛውም ቅጂ ከዚህ ቤት ሲወጣ የትኛው ድምፅ በየትኛው ቁጥር እንዳለ የሚናገር ወረቀት አብሮት ይውጣ። መኪና ስንጭን ደግሞ ማሽኑ ቦታ ቢያጣ ያጣል እንጂ፣ ጋቢናው የማሲንቆ ነው።

ጋሽ ማረው፣ በስልክ የነገርሁዎትን ዛሬ በሰው ፊት እደግመዋለሁ። አጥፍቻለሁ። እርስዎ የትኛውም ዲስኬት ውስጥ አልነበሩም።

ማህደር፣ ቁልፉ ይኸው። ፈጣሪ ጆሯችሁን ይጠብቅላችሁ። እጃችሁ አይዛል፣ መብራት አይጥፋባችሁ፣ ያስተማራችኋቸው ይብለጧችሁ። የፎገራ ድምፅ ከደጃችሁ አይጥፋ። የተጣላ ካለ ታርቆ ይግባ፣ የገባም ተቀርጾ ይውጣ።

ሚኒባሱ ውጭ ቆሟል። ሾፌራችን እሱባለው ጠዋት «ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው፣ ጋቢናውን ወልውዬልዎታለሁ» ብሎኛል። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ግን ጋሽ ማረው እስከ ባሕር ዳር ሊሸኙኝ ማሲንቋቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ደንቡን ደግሞ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ይነሡ ጋሽ ማረው፣ ይቅደሙ። እኔ ከኋላ፣ ከጓዙ ጋር እሆናለሁ።