የላላ ታሳዲት ድስት

ክቡር ኮሎኔል ቡዝያን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት የሕክምና ዕቃ ስናጸዳ አብራችሁኝ የከረማችሁ ልጆቼም፤

ይህን የመሰናበቻ ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ ስሜ ሳይሳሳት ተጽፏል። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ «ጁሄር» ብሎ በትክክል የጻፈልኝ ኬክ ጋጋሪው ብቻ ነው። ምን ያስቃችኋል? የደመወዝ ክፍሉ እዚህ ተቀምጦ የለም እንዴ?

ኮሎኔሉ፣ «ስለ ሠራዊታችን ሕክምና አጀማመር ትንሽ ይንገሩን፤ ከዚያ ዘመን የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አሉኝ። ያቺ «ብቻ» የምትል ቃል ደረጃውን እየወረደች እስከ ክፍሌ ተከተለችኝ።

እንዴት ተጀመረ? የታሪክ መጽሐፉ በትእዛዝ ተጀመረ ይላል። ይበል። እኔ በነበርኩበት ተራራ ግን የተጀመረው በኩስኩስ ድስት ነው።

በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከወይራ ዛፎቹ በላይ ባለ ዋሻ ውስጥ ስምንት ቁስለኞች ነበሩን። ሐኪማችን፣ «ሲ» ብለን የምናከብረው ሙክራን፣ የሕክምና ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ጫካ የገባ ልጅ ነው። ፋሻ የለም፤ አንሶላ እየቀደድን ነው የምናስረው። ቁስሉ ያመረቅዛል። ስምንተኛውን ቀበርነው። ሲ ሙክራን ራሱን ይዞ፣ «ጥይቱ አልገደለውም፤ የገደለው የእኛ ጨርቅ ነው። በእንፋሎት የሚያጸዳ መሣሪያ ከየት ላምጣ?» ይላል።

ዳቦ ይዘውልን የሚመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በአክብሮት «ላላ» የምንላቸው፣ ላላ ታሳዲት። ለካ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«አንተ ልጅ፣ ኩስኩስ በምን ይበስላል?»

«በእንፋሎት፣ ላላ።»

«ታዲያ ጨርቅ ምን ቆርጦት ነው የማይበስለው? ይህን ሁሉ ተምረህ!»

በማግስቱ ድስታቸውን በጀርባቸው አዝለው ከች አሉ። ታች ውሃ፣ ላይ ባለቀዳዳው ውስጥ ጨርቁ፤ መጋጠሚያውን በሊጥ በተነከረ ቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን አሸጉት። እፍ የምትል እንፋሎት አልወጣችም። የመጀመሪያው ቀን ድስቱን አጥበነው አልጠራም መሰለኝ፣ ፋሻው ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ። አንዱን ሳስረው፣ «እህቴ፣ እግሬስ ተሽሎታል፤ ሆዴን ግን ምን ልታደርጊው ነው?» አለኝ። ሰባቱም በእግራቸው ወጡ።

ላላ ታሳዲት ድስቱን ሲያስረክቡኝ፣ «ያለኝ ይኸው ነው። ሰላም ሲሆን መልሽልኝ። ባዶውን ግን እንዳላየው!» አሉኝ። በእኛ አገር የጎረቤት ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃላችሁ። «ሞልቼ ነው የማመጣልዎት» ብዬ ማልኩላቸው።

ተኩስ ሲቆም ድስቱን ተሸክሜ ወደ መንደራቸው ወጣሁ። ሲ ሙክራን ያን ቀን አላየም፤ የመጨረሻው ክረምት ወስዶታል። መንደሩም የለም። በአውሮፕላን ተደብድቧል። የላላ ታሳዲት በር የነበረበት ቦታ አንዲት የበለስ ዛፍ ቆማለች። ማንን ልጠይቅ? ድስቱን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት፣ ከትልቁ የእንፋሎት ማጽጃ መሣሪያ ጀርባ ተቀምጧል። «የጁሄር ድስት» ትሉታላችሁ። የእኔ አይደለም። አንድ ቀን አልበላሁበትም። ለነገሩ ከማን ጋር? ባል አላገባሁም፤ እህቶቼ ባሕር ማዶ ናቸው። እኔ ቤት ያለችው ድስት እንቁላል ሁለት ከሆነ ትጠባለች።

ባለፈው ሳምንት ኮሎኔሉ፣ «ድስቱ ሙዚየማችን ገብቶ መስታወት ውስጥ ይቀመጥ፤ ስምዎን ከሥሩ እናጽፋለን» ሲሉኝ ተነሥቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ተቀይማ ነው ብለው ይሆናል። መሐላዬ ትዝ ብሎኝ ነው እንጂ። ክቡር ኮሎኔል፣ ይስጡኝ ያሉትን እሰጣለሁ፤ ባዶውን ግን አልሰጥም።

የፊታችን ዓርብ ወደ መንደሩ እወጣለሁ። አሁን አዳዲስ ሰዎች ሰፍረውበታል፤ አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። በለሷ ሥር እሳት አነድዳለሁ፣ ኩስኩስ እሠራለሁ፣ ለመጣው ሁሉ አቀርባለሁ። ደግሞ አትጸየፉ! ትናንት በትልቁ መሣሪያ ሦስት ጊዜ አጽድቼዋለሁ፤ በዚህ አገር ከእሱ የጸዳ ድስት የለም። መሐላዬን ከፈጸምኩ በኋላ ቅዳሜ ይረከቡኛል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን የላላ ታሳዲት ስም ነው። የአባታቸውን ስም አላውቀውም። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ አልጠየቅሁም።

አውቶቡሱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከበራችን ፊት ይነሳል። ዓርብ ዕረፍታችሁ ነው፣ ቤተሰብ አላችሁ፤ ብትቀሩ አልቀየምም። ብቻ ድስቱ ከባድ ነው። ሁለት እጀታ አለው፤ እስካሁን ሁለቱንም የያዝኩት እኔ ነኝ።

በሉ እንግዲህ፣ እጃችሁ ይባረክ። ያከማችሁት ሰው ሁሉ በእግሩ ይውጣ። ጦርነት ሥራ አያብዛባችሁ። ድስታችሁ ትልቅ ይሁን፤ ዙሪያውን የሚቀመጥ ሰው አያሳጣችሁ።