የታፔላው ባዶ ቦታ

ሐጂ አብዱልናስር ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ከታፔላ ጻፊው ከማሞ ደጅ ቆመው «ዶክተር ሀጀር የጨርቃ ጨርቅ መደብር» የሚለውን አዲሱን ታፔላቸውን ሲያደንቁ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ኢምራን ድንገት ከፊታቸው ድቅን አለ። ልጃቸው ሀጀር የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ምደባ የምትጠብቅበት ሳምንት ነበር። ሐጂ ግን ምደባውን መች ጠብቀው! ሕክምና ይደርሳታል ብለው ለነገ ዱዓ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተዋል፤ በጉም ተገዝቷል።

ኢምራን ታፔላውን አንብቦ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሐጂ፣ ሀጀር ይህን አይታዋለች?»

«ነገ ታየዋለች። ምነው፣ አላማረም እንዴ?»

«ምደባው ትናንት ተለጥፏል። የደረሳት ስታቲስቲክስ ነው። አደራ እንዳትናገር ብላኝ ነበር፤ ዝም ብል ግን አላህ ይጠይቀኛል። ሻንጣዋን ይዛ እዚያ ማዶ ኬክ ቤት ተቀምጣለች። ቤት አልገባም፣ ትምህርቱንም ትቼ ነገ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ እያለች ነው።»

ሐጂ ደነገጡ። ድንጋጤው ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ።

«ሰንፋ ነዋ! ስንቴ ‹ኢምራንን እዪ› አልኳት! ዶክተር እያልኩ የጠራኋት እንድትበረታ ነበር። ነገ ለሰው ምን ልበል?»

«ይቆጡ፤ ግን ይስሙኝ። እኔ ምህንድስና የገባሁ ጊዜ አባቴ ሰፈሩን ሰብስበው አበሉ። ከዚያ ወዲህ ፈተና በተበላሸብኝ ቁጥር የበላው ሰው ሁሉ ፊቴ ይደቀናል። ዶርም ውስጥ ተከናንቤ ስንቴ እንዳለቀስኩ ማንም አያውቅም። እርስዎ እዪው የሚሏት ኢምራን ይህ ነው። ሰው ዋጋው ውጤቱ ብቻ ከመሰለው፣ ቢያልፍም ሲፈራ ይኖራል፤ ቢወድቅ ደግሞ ራሱን ይጠላል።»

«ታዲያ ልጅ ሳይገፉት ይማራል?»

«ይምከሯት እንጂ! ግን ባይሳካላትም የምትመለስበት ቤት እንዳላት ትወቅ። ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን እንደሚሰማት ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ሐጂ ጠይቀዋት አያውቁም። ሀጀር ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት አመጣሽ?» ነበር። ባለፈው ምሳዋን ሳትነካ ስትነሳ እንኳ «በርቺ፣ ዶክተር!» ብለው ነው የሸኟት። አሁን ነው ትዝ ያላቸው።

«ስታየኝ ብትሸሽስ?» አሉ፣ ወደ ኬክ ቤቱ እያዩ።

«የምትፈራውን ጥያቄ እንጂ እርስዎን አትሸሽም። ብቻ ስለ ውጤት አያንሱባት።»

«ማሞ፣ ዶክተር የሚለውን አጥፋልኝ» ብለው አስፋልቱን ተሻገሩ።

ሀጀር አባቷን ስታይ ሻንጣዋን አንስታ ብድግ አለች። ዓይኗ በሩን ይፈልጋል። ሐጂ መንገድ አልዘጉባትም፤ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምሳ በልተሻል፣ ልጄ?»

ሀጀር እንደ ቆመች ለቅሶዋን ለቀቀችው። ከዚያም ተቀመጠች።

በማግስቱ ዱዓው ተደረገ፤ ለማዕረግ ሳይሆን ለጤናዋ። እውነትም ከዚያ ወዲህ ሀጀር የከበዳትን ሳትደብቅ ማውራት፣ ሳይረፍድባት መምህሯን መጠየቅ ለመደች። እንቅልፏ ተመለሰ፤ የጠላችውን ስታቲስቲክስም ወደደችው። የወላጅ ፍቅር ከውጤት ጋር ካልታሰረ፣ ልጁ ለመማር አቅም ያገኛል፤ ወላጁም ልጁን ያውቃል።

ታፔላው ዛሬም ሱቁ ላይ ተሰቅሏል። ከሀጀር ስም በፊት ባዶ ቦታ አለ። ደንበኞች እዚያ ምን ሊጻፍበት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ሐጂ ጨርቃቸውን እየለኩ «እሷን ጠይቋት» ይላሉ።