የእትዬ ሴቭ ፍርሃት

ዛሬ እያነባን የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን፣ ለልብስ ሰፊው አባታችንና ለአዋላጇ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር እንጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ፤ በሩ መቆለፉን ደጋግመው ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥረው ሲያገለግሉ፣ የጽሕፈት መኪናቸው ተነሥቶ ኮምፒውተር ሲተካ፣ አንዲት ቁልፍ ቢሳሳቱ የሚፈነዳ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ከማለዳ ጀምረው የጻፉት ሪፖርት መብራት ድርግም ሲል ድራሹ ጠፋ፤ ሰው የሞተባቸው ያህል መጮኻቸውን ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ከዚያ ወዲያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብተው፣ መብራት የሚፈሩት መብራት ሠራተኛ አገቡ ብለን ስቀንባቸው፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ከቤታቸው የፊት ለፊቱን ክፍል ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ማስተማሪያ አድርገው፣ ስክሪን ላይ ያለ ሥራ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ዕቃ መሆኑን፣ መብራት ሲሄድ አብሮ እንደሚጠረግ፣ ሴቭ የተደረገው ግን ቁም ሣጥን ገብቶ እንደተቆለፈ መሆኑን ያስረዱ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እያሉ፣ በትምህርት መሐል ሳይታሰብ ቆጣሪውን ያጠፉታል፤ ክፍሉ በጩኸት ይሞላል፤ ሴቭ ያላደረገ ሁሉ ከሀ ይጀምራል። እትዬ ሴቭ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣዱትን ረሱ፤ ቀጥሎ የተማሪዎቻቸውን ስም ረሱ። ጠረጴዛው እየተጠረገ መሆኑን ራሳቸው ያውቁት ስለነበር፣ ነግቶ የገዛ ልጃቸውን እንዳያጧት ሲፈሩ ማየት አንጀት ይበላ ነበር። በመጨረሻም ያችን አንድ ልጃቸውን እንደ እንግዳ ሰው እርስዎ ማለት ጀመሩ። ያን ዕለት ልጅቱ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ እኛ አጠገቧ መቆም እንኳ ፈራን።

እርሷ ግን የእናቷን ክፍል ተረክባ ማስተማር ቀጠለች፤ እናቷንም ከጀማሪዎቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ እያስቀመጠች ማውዝ አያያዝ እንደ አዲስ ታሳያቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ተኝተው ይታከሙ በነበረበት ክፍል መብራት ድንገት ጠፋ። ሁላችንም በድንጋጤ ክው አልን። እሳቸው በጨለማው የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንቺ ብለው ጠርተው፣ ሴቭ አድርገሽ ነበር ወይ ሲሉ ጠየቋት። እርሷም ሁሉንም እንዳደረገች ነገረቻቸው። ጎበዝ አሏትና እጇን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከዚያ እንቅልፍም ሳይነቁ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን፣ እስከ ዛሬ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር እጃቸው ወደ ኪቦርድ የሚሮጥ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን መብራት ከማይጠፋበት ቤት ያኑርልን፤ ለእኛም እሳቸውን የምናስታውስበት ልቡና አይንሳን።